ሁለት ነፋስ በአንድ አውድማ

ልጅ ሳለሁ፣ በመኸር ወራት ማታ ማታ፣ ወለንጪቲ ባለው አውድማችን ዳር እሳት አንድደን አጎቴ ዘለቀ ሲያወራ እንሰማ ነበር። አጎቴ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበርና፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሩቅ በሚያሳይ መነጽር ጁፒተር የሚባለውን ትልቅ ኮከብ አሳይቶት ነበር። ያኔ ከፍሙ በላይ እጁን እያወናጨፈ፣ ኮከቡ በደመና ብቻ የተጠቀለለ መሆኑን፣ ደመናውም በመስመር በመስመር ተዘርግቶ በአንዱ መስመር ነፋሱ ወደ ምሥራቅ፣ በጎኑ ባለው ደግሞ ወደ ምዕራብ እንደሚጋልብ ነገረን።

«ገለባውስ ወዴት ይሄዳል?» አለ አባቴ።

«እዚያ ጤፍ የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ነፋሱ ምን ሥራ አለው?»

አውድማውን የሚጋሩን ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ፣ «አጃኢባ! ሥራ ከፈታ ወደኛ ይላክልና!» አሉ።

የሁለቱም ቤት የዓመት ቀለብ ተወቅቶ ተከምሯል፤ የሚያነፍሰው ነፋስ ግን ድራሹ ጠፍቶ፣ በቦሰት ተራራ ላይ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ይጠቁር ነበር። ዝናብ ካገኘው ጤፉ መበላሸቱ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ እንደ ልማዱ ነፋስ በፉጨት ሊጠሩ ወጡ። የአባቴ ክምር በምሥራቅ፣ የኦቦ ቱሉ በምዕራብ ስለነበር፣ ለአንዱ የሚመች ነፋስ ለሌላው ገለባ ያመጣል፤ ጭቅጭቅ ተነሣ።

«ነፋስ በመስመር የሚሄድ ከሆነ ምን ያጣላናል?» አለ አባቴ። «አንተ ወደዚያ አፏጭ፣ እኔ ወደዚህ። ሁሉም የራሱን ይጥራ!»

ጀርባ ለጀርባ ቆመው አፏጩ። አጎቴ «ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ኮከብ አይደለም!» ቢል ማን ይስማው።

ነፋሱ ከምዕራብ መጣ። ኦቦ ቱሉ ማንፈስ ሲጀምሩ ገለባቸው በሙሉ አባቴ አናት ላይ አረፈ፤ አባቴ ግን ሳይዞር ወደ ምሥራቅ ያፏጫል።

«ኮቱ ወንድሜ፣ ና! ክምሩን ቀላቅለን እናንፍስና በኋላ እንካፈል» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«የኔ እየመጣ ነው!»

አባቴ ነጎድጓዱ ሲያጓራ ነው የዞረው። ትከሻ ለትከሻ ሆነው እያሳሉ አነፈሱ፤ ምርቱን ቁርበት ስናለብሰው ካፊያው ጀመረ።

አጎቴ ያወራው እውነት መሆኑን በኋላ ከመጽሐፍ አነበብሁ። ከኔ ጋር የቀረው ግን የአባቴ ጀርባ ነው። እነሆ እኔም ጎረቤቴን ካኮረፍኋት ሰነበትሁ፤ ሕሊናዬ እየወቀሰኝ ጠዋት በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስሁ። አሁን መስኮት ላይ ቆሜ ሰማዩን አያለሁ፤ ጥርት ብሏል፣ የነጎድጓድ ተስፋ የለውም።