ሳህኑ ላይ ዓይን አልነበረም

ጄራርዳ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ይዛ ኖራለች። ሮካሴልቫ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ስለሄደ ከሦስት ቤት ሁለቱ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ የቡና ቤቱ ባለቤት ሳቬሪዮ በር ላይ ወጥቶ ይጣራል።

«እትዬ ጄራርዳ! ሰው መጥቷል!»

እሷም የጣደችውን ባቄላ አውርዳ ደረጃውን ትወጣለች።

እንግዶቹን ሁሌም የምታቆማቸው አንድ ያረጀ የግድግዳ ሥዕል ፊት ነው። አንዲት ሴት ሳህን ይዛ ቆማለች፤ ሳህኑ ላይ ሁለት ክብ ነገር አለ። «ቅድስት ሉቺያ ናት» ትላቸዋለች። «ዓይኗን ያወጡባት። ይኸው፣ ዓይኗን ይዛ።» ልጇ ኡምቤርቶ በሰባት ዓመቱ ኖራ ዓይኑ ገብቶ ሊታወር ሲል ተንበርክካ ያለቀሰችው እዚሁ ነበር። ዛሬ ቶሪኖ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል።

ባለፈው ጥቅምት ኦርኔላ የምትባል የሥዕል አጥኚ ከናፖሊ መጣች። ከሥዕሉ ሥር የቆመውን የሻማ ማስቀመጫ አስፈቅዳ ስታነሳው ከኋላው ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ ተገኘ። በባትሪ እያበራች ብዙ ቆየች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይቺ ቅድስት አይደለችም። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራች የዚሁ አገር ሴት ናት። ባሏ የሞተባት። የያዘችውም ዳቦ ነው።»

«ዳቦ?»

«ለድሆች ታድል ነበር ይላል።»

ጄራርዳ በሩን ቆልፋ ወረደችና ቁልፉን የሳቬሪዮ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችው።

«ካሁን በኋላ አንተ ክፈትላቸው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስዋሽ ኖሬያለሁ።»

በአሥረኛው ቀን ሳቬሪዮ እያነከሰ ቤቷ መጣ።

«ጉልበቴን ልትጨርሺው ነው? ደግሞ ይጠይቁኛል፤ እኔ ምን አውቄ! ትናንት አንዱን ጀርመናዊ ‹ዳቦ ጋጋሪ ነበረች› ብዬ ሸኘሁት።»

ጄራርዳ ሳትወድ ሳቀች። ሳቬሪዮ ሲሄድ ግን ልጇ ጋ ደወለች።

«ዓይንህን ያዳነችው ሉቺያ አይደለችም አሉኝ።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ጋ በበረዶ አዝለሽ ያደረስሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? የአራት ሰዓት መንገድ!»

እውነት ነው፤ አዝላው ሄዳለች። ስለ ጸሎቱ እንጂ ስለ መንገዱ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። በማግስቱ ቁልፉን ከሳቬሪዮ ወሰደች።

በታኅሣሥ፣ በሉቺያ በዓል፣ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሻማ ይዘው መጡ። ጄራርዳ ጽሑፉ የሚለውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ገሚሶቹ ተቆጡ። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት ጎረቤቷ ኤርሲሊያ ሻማዋን እንደያዘች ቀረች።

«ታዲያ እኔ አሁን ለማን ልንገር?»

«ለእሷው ንገሪያት። የአገራችን ሰው ናት፤ ትሰማሻለች።»

ኤርሲሊያ ትንሽ አመነታችና ክብሪቱን ጫረች።