ገብረ መድኅን ሰረቀን

ቦሰና በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ተለክታ ቀሚስ ያሰፋችው፤ አንዴ ስትዳር፣ አንዴ ደግሞ ለራሷ ፊልም ምረቃ። ያን ሳምንት ቴል ሞንድ ባለው መጋዘን ውስጥ እጇ ብርቱካን ይለይ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ያገኘችውን ሁሉ "ሐሙስ ከሥራ በኋላ ማትናስ እንዳትቀሩ! የእኔን ሰርት ያሳያሉ!" ትላለች። ማትናስ የሰፈሩ አዳራሽ፣ ሰርት ደግሞ ፊልም መሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ባያውቅም ከቦሰና አፍ አያመልጥም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1997 ነው። ሐጊት የምትባል ፊልም ሠሪ በሱዳን በኩል የመጡ ሰዎችን ፍለጋ ቦሰና ወደምትኖርበት ከተማ ኔታንያ መጣችና አገኘቻት። ቦሰና ከወገራ ተነሥታ፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ የአምስት ዓመት ልጇን አዝላ እስከ ሱዳን በእግሯ የሄደች ሸክላ ሠሪ ናት። ታሪኩን ለሐጊት ያስተረጎመችው ያቺው የታዘለችው ልጅ፣ ሊሮን ነበረች። ሐጊት ሰምታ ስትጨርስ ከወንበሯ ብድግ አለች። የቦሰና ሕይወት ፊልም ሊሆን ነው!

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። ከሰፈራቸው ከኤይን ሀትኽሌት ብቻ አይደለም፤ ከክፋር ዮና ሳይቀር በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ሙላት ነጠላውን አጣፍቶ ፊት ተቀመጠ። መብራት ጠፋና በሸራው ላይ "ቦሰና" ወጣች። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው!

በእርግጥ ተዋናይቷ ያፊት መቃ አንገት፣ ሎጋ ናት። እውነተኛዋ ቦሰና ደግሞ ከሊሮን ትከሻ አታልፍም።

"አያ ሙላት፣ እኔ እንዲህ ረጅም ነበርሁ?" አለች በሹክሹክታ።

"በናፍቆት አጥረሽ ይሆናላ!" አላት፤ ኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ቀጥሎ ያፊት እንስራ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ ታየች። ወገራ ውስጥ የሚሽከረከር ጠረጴዛ ማን አይቶ? ቦሰና ግን ይሁን ብላ አለፈችው። ደስታዋ እንኳን ለአንድ ጠረጴዛ፣ ለመቶም ይበቃ ነበር።

ከዚያ የገበያው መንገድ መጣ። ፂማም፣ ፊቱ የተኮሳተረ ሰው ከቁጥቋጦ ብቅ አለና የአህያዋን ገመድ ከያፊት እጅ መንጭቆ፣ እንስራውን እንደተጫነች እየነዳት ሄደ። ተራኪው በዕብራይስጥ ስሙን ጠራ፤ "ገብረ መድኅን" አለ፤ ቀጥሎም "ጋናቭ" አለ። የቦሰና ዕብራይስጥ የሥራ ቦታ ዕብራይስጥ ነው፤ ያቺን ቃል ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። የመጋዘኑ አለቃ ብርቱካን ኪሱ የከተተ ሰው ሲይዝ የሚጮኻት ናት። ሌባ ማለት ነው።

"ሬጋ! ቆዩ!" ብላ ተነሣች። "አቁሙት! ማነው ሌባው?"

ፊልሙ ቆመ፤ መብራት በራ። ሊሮን ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወደ እናቷ ሮጠች።

"ኢማ፣ አንቺ ነሽ ያልሽው! በቴፕ አለ! 'በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ገብረ መድኅን ሰረቀን። እንስራውንም አህያይቱንም ይዞ ሄደ' አላልሽም?"

"ብያለሁ! እኛን ሰረቀን አልሁ እንጂ ዕቃችንን መች አልሁ? ከመንግሥት ዓይን ሰርቆ አወጣን ማለቴ ነው! ሱዳን መጠለያው ውስጥ ሁሉም 'እናንተን ማን ሰረቃችሁ?' እየተባባለ አልነበር እንዴ የሚጠያየቅ?"

ሊሮን ይህን ከየት ታውቃለች? ስትሰረቅ እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታ ነበር።

ቦሰና ወደ ሕዝቡ ዞራ ነገሩን ዘረዘረች። ገብረ መድኅን ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነበር። ወደ ገበያ የሚሄዱ አስመስሎ ከቀዬው አወጣቸው። መንገዱ ሲታጠፍ እነሱ ወደ ቆላ ወረዱ፤ እሱ አህያዋን እየነዳ ገበያ ገባና ለጠየቀው ሁሉ "ባለቤቷ ከኋላ እየመጣች ነው" ሲል ዋለ። ኋላ ተነቃበትና ስድስት ወር ታሰረ።

"አያ ሙላት በሚመጣው ወር ጎንደር ሲሄድ ይህን ፊልም ሊወስድለት ነው" አለች። "ታስሮልኝ ሌባ ላሰኘው?"

ሐጊት በሊሮን በኩል መለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ተዋናዩ ሄዷል፤ አህያዋም ለባለቤቷ ተመልሳለች፤ ደግሞም ፊልም ሕይወትን ቁጭ አድርጎ አይገለብጥም፣ ተመልካች የሚጠላው ሰው ይፈልጋል።

"ቁመቴን አስረዝሙ፣ እንስራዬን አሽከርክሩ፣ ምንም አልል። የሰው ስም ግን አይነካም!" አለች ቦሰና። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

መላውን ያመጣችው ሊሮን ናት። ሥዕሉ እንዳለ ይሁን፤ ቃሉ ይቀየር። እሑድ ዕለት ቦሰና ያንኑ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠች። በራሷ አማርኛ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ተናገረችው፤ ሊሮን ወደ ዕብራይስጥ መለሰችና ከሥዕሉ ግርጌ ተጻፈ። መልሰው ሲያዩት ጉድ ሆነ! ያው ሰውዬ ነው፣ ያው ኩስትርናው። አሁን ግን ለእነሱ ፈርቶ የሚቸኩል ሰው መሰለ። ሐጊት እንኳ "እንዲህ ይሻላል" ብላ አመነች።

አንድ ነገር ግን ቦሰናን ከነከናት። ያን ጊዜ ወገኖቿ ከክርስቲያን ጋር አይነካኩም፤ ለዚህም ነው "አትንኩኝ" የሚሏቸው። እንስራውን መሬት አስቀምጣ ፈቀቅ ትላለች፤ ገብረ መድኅን ያነሣል። እሱም በዋጋው ፈንታ እህል ያስቀምጣል፤ እሷ ታነሣለች። በዚያች ቀን እንኳ ገመዱን መሬት ነው የጣለችለት። ፊልሙ ላይ ግን እጅ ለእጅ ነው። ይህን የሚያስተካክል ቃል አልተገኘለትም።

ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። ሙላት አንዱን ቅጂ ይዞ ጎንደር ሄደና በሦስተኛው ሳምንት ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ይዞ ተመለሰ። ቦሰና ጫማዋን ሳታወልቅ ቴፑን ከፈተች። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ያ የምታውቀው፣ አሁን ያረጀ ድምፅ መጣ።

"ቦሰና፣ እንደምን ከርመሻል? ፊልሙን ከተማ ወርጄ አየሁት። ያ ሰውዬ እኔን አይመስልም፤ እንዲህ ያለ ፂም ኖሮኝ አያውቅም። አህያዋም የእኛይቱ አይደለችም። አንቺንም ያለ ልክ አስረዝመውሻል። እኔና አንቺ ሃያ ዓመት ስንጎራበት ከእጅሽ አንድ ነገር ተቀብዬ አላውቅም። እዚያ ላይ ግን ገመዱን ከእጅሽ ተቀበልሁ። አደራሽን፣ እሷን ውሸት ከፊልሙ እንዳታስወጪብኝ።"