የሞረድኳቸው አራት ጎማዎች

የተሞረደ ጎማ ሽታ ደስ የሚለው ሰው አለ ብላችሁ አትገምቱ ይሆናል። እኔን ደስ ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሆላንድ አገር፣ ኦስዶርፕ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ የልጅ ልጄ ብስክሌቷን ገልብጣ፣ የተነፈሰውን ከለመዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥታ፣ ከመለጠፏ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ታሸው ጀመር። ሽታው በተከፈተው በር አልፎ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

«አንድ ቦታ ላይ አትቁሚ፤ እጅሽ ይመላለስ» አልኳት።

«ኦማ፣ አንቺ ይሄን ደግሞ ከየት አወቅሽው?» አለችኝ፤ ኦማ በሆላንድኛ አያቴ ማለት ነው።

ለእሷ በአጭሩ መለስኩላት። ለእናንተ ግን ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ፤ ኩራቴን መደበቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም የማይርቅ አንድ ጎሚስታ ቤት ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ከወንዙ ማዶ ዴልፍስሃቨን አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በየማለዳው በትራም ወንዙን እየተሻገርኩ የጎሚስታ ቤቱን ወለል እጠርግ ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል የአገሬ ሰው አንድ ብቻ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ፣ አገር ቤት በመንገድ ሥራ ሃያ ዓመት ጎሚስታ የነበሩ፣ ቶሎ የሚቆጡና ቶሎ የሚበርዱ ሰው። ነፍሳቸውን ይማር፣ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው።

ጋሼ በሰፈሩ ስማቸው የገነነው በእሽቅድምድም ጎማ ነበር። ከሮተርዳም በስተደቡብ ያሉት ገበሬዎች ሰብላቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ባዶ ማሳ ላይ በአሮጌ መኪና ይሽቀዳደማሉ፤ አውቶክሮስ ይሉታል። አፈርና ጭቃ ላይ የሮጠ ጎማ ላዩ ይጠነክራል፣ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። እንዲህ የሆነ ጎማ መሬት አይነክስም። ስለዚህ ደረቁ ላዩ በግራይንደር፣ በሚሽከረከር ዲስክ በሚፍቅ የእጅ ማሽን፣ በስሱ ተሞርዶ ለስላሳው መውጣት አለበት። ብዙ ከተሞረደ ጎማው ይሳሳል፣ ትንሽ ከተሞረደ ይንሸራተታል፣ ግራይንደሩ አንድ ቦታ ከቆመ ደግሞ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ብናኙን ስጠርግ «ጋሼ፣ የትናንቱ ብናኝ እንደ ዱቄት ነበር፤ የዛሬው ለምን ተድቦለቦለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ ስለ ቸኮልኩ ነዋ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸውን እያካፈሉ ያስተምሩኝ ጀመር።

መጀመሪያ ግራይንደሩን እንኳ አላስነሱልኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛና ጓንት አስደርገው በጠፋ ማሽን እጄን አስመላለሱኝ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ዳቧቸውን እየገመጡ ይስቁብኝ ነበር። ጎማው ከነቸርኬው የሚታሰረው ጋሼ ከአሮጌ አክሰል በበየዱት ማቆሚያ ላይ ነው። ግራይንደሩ በእግር በሚረገጥ ማብሪያ ይሠራል፤ እግር ሲነሣ ይጠፋል። እሱንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ትልቁ በር ካልተከፈተ ሥራ አይጀመርም፤ ብናኙ ወደ ነፋሱ እንጂ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም ይላሉ። የግራይንደሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ከኋላ በትከሻ በኩል ይውላል። ቱታ እስከ አንገት ይቆለፋል፤ የተንጠለጠለ ነገር አይፈቀድም።

«አትጫኚው፣ ራሱ ይብላ» ይሉኛል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል አልሰማሽም?»

ሥራው ሲያልቅ ግራይንደሩን ያጠፉና ጓንታቸውን አውልቀው በእጃቸው ጀርባ ጎማውን ይዳስሳሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚዳስሱት።

በዚያን ዘመን ለአባቴ በየወሩ እጽፍ ነበር። አባቴ አናጢ ነበር፤ ሙያ ካለው ሰው በላይ የሚያከብረው ሰው አልነበረም። መጥረጊያ ይዣለሁ ብሎ መጻፍ አቃተኝና «መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። እንደ ውሸትም እንደ እውነትም ሆኖ ከነከነኝ። አንድ ሥራ በገዛ እጄ ጨርሼ ያስረከብኩ ቀን እውነቱን ከነታሪኩ እጽፍለታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ልጁ ባለሙያ መሆኗን ከእኔ ጽሕፈት እንዲያነብ ነበር የምፈልገው። አምስት ወር ምሳዬን ቆሜ የበላሁት ለዚያ ነበር።

በመስከረም አንድ እሑድ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ከሦስት የአገር ሰዎች ጋር ደጃፌ ላይ ቆመው ሳይ ገባኝ። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፤ ለባለቤቱም አይጽፍም። ደብዳቤው የተላከው ለእሳቸው ነበር። አባቴ ከሞተ አራት ወር አልፎት ነበር፤ አራት ደብዳቤ ለማያነብ ሰው ልኬያለሁ።

ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ ሥራ ገባሁ።

ስደርስ የጋሼ ቀኝ እጅ አብጦ ታስሯል፤ በዋዜማው የጭነት መኪና ጎማ ሲያነሡ ወለም ብሏቸዋል። የአንድ ገበሬ አራት ጎማዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ይጠብቃሉ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቅዳሜ ነበር። አለቃችን ሥራውን ወደ ሌላ ቤት ሊልከው ሲል ጋሼ «እሷ ትሠራዋለች» አሉት። አለቃው እኔን አየ፣ መጥረጊያዬን አየ። «ይሁን» አለ። «አንድ ነገር ካበላሸች ግን ግራይንደሩን ዳግመኛ አትነካም።»

ነጠላዬን በቱታዬ ላይ እንደ ደረብኩ ማቆሚያው ጋ ቆምኩ። ጋሼ አዩኝ። የእጅጌዬ ቁልፍ ሲከፈት የሚጮኹት ሰው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አይተው ዝም አሉ። ኀዘንተኛን ነጠላሽን አውልቂ ብሎ ማዘዝ ከብዷቸው ነበር፤ ይሉኝታ ያዛቸው። እኔም ማውለቁ አባቴን መካድ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጎማ ግማሽ ላይ ስደርስ ጎንበስ አልኩ። የነጠላው ጫፍ ተንሸራቶ ወረደና ዲስኩ ነጠቀው። አንገቴ ወደፊት ተጎተተ። እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ከማብሪያው ተነሣ። ግራይንደሩ ጨርቁን እንደ ጠቀለለ፣ ከአገጬ አንድ ስንዝር ርቆ ቆመ። የተቃጠለ ጥጥ ሸተተኝ።

አለቃው እየሮጠ መጣ። «በቃ፣ አበቃ» አለ።

ጋሼ በመካከላችን ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት በተሰባበረ ሆላንድኛቸው። «ጨርቁን አይቻለሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። እሷ ግን እግሯን በጊዜው አንሥታለች። ያስተማርኳት ገብቷታል።»

አለቃው የተጠቀለለውን ጨርቅ ረጅም ጊዜ አየው። «ከሰዓት በኋላ እዚሁ ቆሜ አያታለሁ፤ የመጨረሻ ነው» አለና ሄደ።

ጋሼ ጨርቁን ከዲስኩ ላይ በቀስታ ፈትተው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። «ኀዘንሽን አልከለክልሽም። ወገብሽ ላይ አድርጊው።» የተረፈውን ነጠላ ወገቤ ላይ አደገደግኩና በላዩ ቱታዬን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። አገር ቤት ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም እንዲያ ነው የሚያደገድገው። አባቴ ፊት የቆምኩ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከወደቡ የጨውና የናፍታ ሽታ ገባ። አለቃው እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ጋሼ ከጎኔ። ረገጥኩት። አልተጫንኩትም፤ ራሱ በላ። ብናኙ በፀሐዩ ውስጥ እየጠቆረ ወደ ውጭ ሄደ፤ ያን ጊዜ እንደ ዱቄት የላመ መሆኑን አየሁና እጄ ተረጋጋ። አንዱን ጨርሼ ሌላውን አሰርኩ። አራተኛው ሲያልቅ ጋሼ በግራ እጃቸው ጀርባ ዳሰሱትና ፈቀቅ አሉ። አለቃው ጓንቱን አውልቆ እሱም እንደ እሳቸው ዳሰሰ። ከዚያ ጎማዎቹን ራሱ ተሸክሞ ጫናቸው።

ቅዳሜ ጋሼና እኔ ውድድሩን ልናይ ሄድን፤ አለቃውም መጥቶ ነበር። ዝናብ ጣለ። ማሳው ጨቀየ፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል፣ መኪናው ሁሉ መታጠፊያው ላይ እየተንሸራተተ ገለባ ክምር ውስጥ ይገባል። የእኔ ጎማዎች ግን ነከሱ። ገበሬው ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ነበር ብዬ ባወራ የሚጠይቀኝ የለም፤ ግን ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ዓመቱን ሙሉ ከአምስተኛ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው። ከመኪናው ወርዶ በጭቃ እጁ እጄን ጨበጠና «ኹት ኸዳን» አለኝ፤ ጎበዝ ነሽ ማለቱ ነው። አለቃው ደግሞ «ከሰኞ ጀምሮ ማቆሚያው ያንቺ ነው፤ ለጽዳቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፣ ልጆችም ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

ወደ ሮተርዳም በሚመለሰው አውቶቡስ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ጥፍሮቼ ሥር ጎማ ጠቁሮ ይታያል። ዛሬ ቤቴ ስገባ እጽፍለታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ የመጀመሪያውንም ዐረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ከዚያ ለማን እንደምጽፍ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ስቅስቅ ብዬ ማልቀሴን ሰሙና «ምነው?» አሉኝ።

«ለአባቴ ልነግረው ነበር እኮ» አልኳቸው።

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገሪኝ» አሉ።

«ምኑን ጋሼ? አብረን አልነበርንም?»

«እኔ አልነበርኩም፤ አገር ቤት ነበርኩ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከመጥረጊያው ጀመርኩላቸው። «መሥሪያ ቤት» ብዬ የጻፍኩት የቱ እንደሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አራቱ ጎማዎች ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ግራይንደር የምትዪው ምንድን ነው?» አሉኝ።

እንባዬን እየጠረግኩ፣ ሁለት እጄን በአየር ላይ ዘርግቼ፣ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋቸው።