በልጄ አፍ

አክስቴን አልወዳትም። ይኸው ተናገርኩ። በአፌ አንቱ እላታለሁ፣ በልቤ አንቺ ማለት ከጀመርኩ ግን ቆይቻለሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባባን ካገር ቤት ባመጣኋቸው በዓመቱ እሷም መጣች፣ ሬክስዴል የሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ የኪራይ ቤታችን ውስጥ ገባች፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ውለን አናውቅም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስጸልይ በሰማችኝ ቁጥር ታማትባለች። እኔም ባማተበች ቁጥር መዝሙሩን ከፍ አደርገዋለሁ።

ክፉኛ ያጣላን ግን ሃይማኖት አይደለም፣ የአባባ ተረከዝ ነው። አባባ ስኳር አለባቸው። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ወር ሄዶ ወር ሲተካ አልድን አለ፣ ወደ ውስጥ እየበላ ሄደ። በሽታው የእግራቸውን ስሜት ስለገደለው አያማቸውም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ሐኪሙ "ካልዳነ እግሩ ይቆረጣል" ሲል ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። "ይቆረጣል" ብሎ ለገዛ አባት መንገር ያልደረሰበት ሰው አይፍረድብኝ።

ስለ አንድ አዲስ መድኃኒት ሙከራ የነገሩን ያኔ ነው። ከወለዱ እናቶች በፈቃዳቸው ከተወሰደ እትብት ስቴም ሴል የሚባለውን ያወጡና ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳድጉታል። ቁስሉ ላይ የሚቀባው ግን ሴሉ ራሱ አይደለም፤ ሴሎቹ የሚያመነጩት ፈሳሽ ነው፣ ተጣርቶ ጄል ሆኖ። ፈሳሹ የተጎዳውን ሥጋ ራሱን እንዲጠግን ይቀሰቅሰዋል አለች የሙከራው ነርስ።

"ገባኝ" አሉ አባባ። "ሊጡ ሳይሆን እርሾው ነው በያት።"

እርሾን በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ታከተኝና "ገብቷቸዋል" ብዬ አለፍኩት። የአባባን ንግግር መቁረጥ የጀመርኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

አባባ ሙከራው ውስጥ ለመግባት ሲፈርሙ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስልክ አገናኝቶን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን "ልጃቸው እያለሁ ስልክ ምን ይሠራል?" አልኩ። ኩራት ነው እንግዲህ። ኢቶቢኮ ያለው የዕቃ ማከማቻ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ ውስጥ ሺፍቴን እየለወጥኩ በየሳምንቱ አመላልሳቸው ጀመር። ደንቡ አንድ ነው፦ ከጄሉና ከፋሻው በቀር ቁስሉን ምንም ነገር እንዳይነካው። ነርሷ በሄድን ቁጥር ያንኑ ትጠይቃለች፣ አባባ "ምንም" ይላሉ፣ እኔም "ጄሉ ብቻ" እላታለሁ። ቁስሉ ዳር ዳሩን ቀይ ሥጋ ማብቀል ጀመረ። በወረቀት ማስመሪያ ስትለካው ጠቧል። መኪና ውስጥ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

በአምስተኛው ሳምንት አባባ "ምንም" አላሉም።

"እህቴ እምነት ትቀባኛለች በያት። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የተባረከ አመድ ነው፤ ፋሻው ሲቀየር ከጄሉ ጋር ትቀባኛለች። አስረጂያት።"

ደሜ ፈላ። አመድ! ክፍት ቁስል ላይ! ያቺ ሴትዮ! ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ከተናገርኩ ከሙከራው ያስወጧቸዋል ብዬ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ከፍርሃቱ የቀደመው ግን ሀፍረት ነው። ገመናችንን ለዚች ሴት እንዴት አውጥቼ እነግራታለሁ? ቁስል ላይ አመድ የሚነሰንሱ ሰዎች ትበለን? "እንዳለፈው ሳምንት ነው፣ ጄሉ ብቻ" አልኳት በፈጣን እንግሊዝኛ። ፈገግ አለችና ለአባባ አውራ ጣቷን አነሳችላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው መልሰው አነሱላት።

አባባን በር ላይ አውርጄ፣ መኪናውን አቁሜ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ኩሽና ገባሁ።

"አባቴን ሊገድሉብኝ ነው? ሁለተኛ እጅዎ እዚያ ቁስል ላይ እንዳያርፍ!"

አክስቴ ሽንኩርቷን መክተፍ አላቆመችም። "ነርሷ ፈቅዳለች። ስትስቅለት፣ ጣቷን ስታነሳለት ወንድሜ በዓይኑ አይቷል። አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ?"

አባባም ከሳሎን "እውነቷን ነው ልጄ፣ ነግረናት የለም እንዴ?" አሉ።

"አልነገርኳትም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እዚያች ሴት ፊት ውሸታም ሆኜ ልቆም? ሞቼ ነው! ይልቅ አመዱን ከኮመዲኖው ላይ ሰርቄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በእሁዱ ሌላ አመጣች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አባባ እውነቱን ነገሩኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ "ጄሉ ብቻ" አልኩ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አክስቴን በሆዴ ስረግም እመጣለሁ። እሷን መርገም ከመናገር ይቀል ነበር።

ቁስሉ ሸተተ። አባባን ብርድ ብርድ አላቸው፣ ሰውነታቸው ነደደ። ሆስፒታል ስንደርስ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ጄሉን ነው፤ ወዲያው አስቆሙት። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ቤተሰብ አያስተረጉምም ተባለና የአስተርጓሚው ስልክ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የማላውቀው ሰውዬ "ጤና ይስጥልኝ አባቴ" አለ። ከዚያ የተረኛዋን ሐኪም ጥያቄ አቀረበላቸው፦ ቁስሉ ላይ ሌላ የተቀቡት ነገር አለ?

"አዎ፣ እምነት ተቀብቻለሁ" አሉ አባባ። "ለነርሷም በየሳምንቱ ነግሬያታለሁ፤ በልጄ አፍ።"

ሰውዬው አንዲት ሳያጎድል በእንግሊዝኛ ተናገረው። ሐኪሟ ፋይሉን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። አክስቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ፊታችንን አይታ ግን ገባት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በጮኸችብኝ! ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "እኔኮ የፈቀዱ መስሎኝ ነው" አለች። "አይሆንም ቢሉኝ እጄ ይሰበር እንጂ እነካዋለሁ?"

አመዱ ያመጣው ይሁን ሌላ፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለች ሐኪሟ። ያኔውኑ ቢነገረን ግን ቁስሉን አጥበን እንከታተለው ነበር አለች። አሁን እግራቸው ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት።

አባባ ከመፈረማቸው በፊት ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። "ወንድሜ፣ ያልኩትን ሁሉ ነገሩልኝ?"

"አዎ አባቴ፣ አንድም አላስቀረሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉና ፈረሙ።

አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ዛሬም የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፣ ዊልቸሩን የምገፋው እኔ ነኝ። ከአክስቴ ጋር እንደ ድሮው እንጣላለን፤ ያቺን ነገር ግን አንስታብኝ አታውቅም፣ ለዚህም አልወዳትም። ሐኪሙ ሲገባ አባባ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ በዚያች በለመዷት እንግሊዝኛቸው "ቴሌፎን፣ ፕሊስ" ይላሉ።