ዱላው በሁለት እጅ

ለትምህርት ከሞጣ ቢቸና መጥቼ ጋሼ የምላቸው አጎቴ ቤት ስገባ ቁጡ ልጅ ነበርኩ። ጋሼ ጠባዬን ሲያዩ ዱላ አቀበሉኝና ምክቶሽ የሚባለውን የዱላ ግጥሚያ ሊያስተምሩኝ ጓሮ ወሰዱኝ። መምታት ግን አላስተማሩኝም። በጋውን ሙሉ እርሳቸው ይሰነዝራሉ፣ እኔ እመክታለሁ። ጣቴ ያብጣል፣ እንባዬ ይመጣል።

«ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምመታው?» እላቸዋለሁ።

«መምታትማ ንዴትህ ራሱ ያስተምርሃል። አንተ መመከቱን ልመድ።»

አንድ የማይፈርስ ደንብ ነበራቸው፤ የሌላውን ዱላ ያስጣለ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል፣ በሁለት እጁም ለባለቤቱ ይመልሳል። ሁልጊዜ የሚያስጥሉኝ እርሳቸው ነበሩና፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ የሚሉትም እርሳቸው ነበሩ። የእኔን ንዴት ያበረደው ዱላቸው ሳይሆን ያ ጎንበስ ማለታቸው ነው።

ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ መርዶው ከመጣ በኋላ ዳግመኛ ዱላ የሚነኩ አልመሰለኝም ነበር። አንድ ማለዳ ግን ጠሩኝ። ገጠምን። ክንዳቸው ዝሎ ኖሮ ገና ስመክት ዱላቸው ወደቀ። አንሥቼ በሁለት እጄ ስዘረጋላቸው ዱላውን ትተው እጄን ያዙኝ።

«እሱንም እንዲህ አስተምሬው ነበር» አሉ። «ጥይት የሚመከትበትን ግን እኔም አላውቅም።»

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ከቀብር ተመልሼ የቤታቸውን በር ስከፍት፣ ከበስተጀርባው ያስደገፉት ዱላ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና፣ ሳላስበው በሁለት እጄ ወደ መደባቸው ዘረጋሁት። የሚቀበለኝ አልነበረም።