በበርሜል ውስጥ የሠራነው ባሕር

ጎተራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ በረንዳዬ ላይ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አቁሜአለሁ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ያ ታፍኖ የቆየ ውሃና የፕላስቲክ ሽታ ይቀበለኛል፤ እኔም መቅጃውን እንደያዝኩ እቆማለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ደግሞ ፈዘዝሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሷ ፊት እንደቆምኩ ካዛንቺስ፣ አምስተኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሄጄ ተቀምጫለሁና።

የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ዘሐራ ትባል ነበር። ትውልዷ ወሎ ሆኖ ወጣትነቷን ያሳለፈችው አሰብ በማስተማር ነው፤ ሁሉ ነገር ሲገለባበጥ ከተፈናቀሉት ጋር እናቷን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት እየኖረች እኛ ትምህርት ቤት በኮንትራት ተቀጠረች። ከአሰብ ያወጣችው ንብረት አንድ ሻንጣና አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ዛጎል ነበር ይባላል፤ ሻንጣውን አላየሁትም፣ ጣሳው ግን ከጠረጴዛዋ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ከእናቷ ሌላ ዘመድ፣ ከዚያ ደመወዝ ሌላ መተዳደሪያ እንዳልነበራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ካዛንቺስ ደግሞ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

የሰሌዳውን ግማሽ በሰማያዊ ጠመኔ ትቀባና ይሄ ሁሉ ውሃ ነው፣ ማዶው አይታይም ትለናለች። ማዶው የማይታይ ነገር የምናውቀው የክረምት ጭጋግ ብቻ ስለነበር ጭጋጉን እያሰብን አንገታችንን እንነቀንቃለን። ሸርጣን የሚሄደው ወደ ጎን መሆኑን የነገረችን ጊዜ፣ ለአንድ ወር ያህል ሽንት ቤት የምንሄደው በጎን ነበር። አንድ ቀን ሻሿን አጥብቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኛችና የባሕር ኤሊ እንቁላሏን ልትጥል ወደ አሸዋው እየተጎተተች እንዴት እንደምትወጣ በክርኗ እየሳበች አሳየችን። መጀመሪያ ሳቅን። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ትንፋሿ ተቆራርጦ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን ኤሊዋ እንቁላሏን ቀብራ ተመልሳ ወደ ባሕሩ መሄዷ ነው። እናት እንዴት ልጆቿን ጥላ ትሄዳለች ብለን ተቆጣን። የሾፌሩ ልጅ ከማል ጎረቤት ያሳድጋቸው ይሆናል ሲል ሁላችንም ተስማማን፤ በኛ ሰፈር የሁሉም ልጅ የሁሉም ስለነበር ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ቲቸር ዘሐራ ልታርመን አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ፈገግ ብላ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች።

ዳይሬክተሩ ግን አልተወውም። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ኤሊ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ሁለት መስመር ምን አወጣት እያለ በየስብሰባው ያነሳባት ነበር። በመጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ዓርብ ጠዋት መጥተው ክፍሏን እንደሚያዩ፣ ኮንትራቷ የሚታደሰውም በነሱ ቃል እንደሆነ ተነገራት። እሷ ለኛ ያለችን እንግዳ ስለሚመጣ ጥፍራችሁን ተቆረጡ ብቻ ነው። ቀሪውን የሰማነው ከቤታችን ነው፤ እናቴ ማታ ለአባቴ «ይቺን ምስኪን ሊያባርሯት ነው» ስትለው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከማልን አባትህ መተሐራ ሽንኩርት ሊጭን ሲሄድ መንገድ ላይ ኤሊ አያለሁ ይል የለ፣ አንዷን ያምጣልን አልኩት። ሐሙስ በጆንያ መጣች፤ ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር፣ የትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ያህል። ከትምህርት በኋላ ከክፍላችን ጀርባ ያለውን የአትክልት ማጠጫ በርሜል ውሃ ሞላነው። እያንዳንዳችን ከየቤታችን ጨው በወረቀት ጠቅልለን ሰርቀናል፤ እየጨመርን፣ በጣት እየቀመስን፣ ከማል ፊቱን አጨማዶ እስኪተፋ ድረስ ጨመርን። ሲተፋ ባሕር ሆነ አልን።

ኤሊዋን ልናስገባት ስናነሳት እግሮቿ ተንጠለጠሉ። ወፋፍራም፣ ጥፍራም፣ አፈር የለመዱ እግሮች ናቸው። ከማል «መቅዘፊያዋ የታለ?» አለ።

እኔ አውቅ ነበር። የባሕር ኤሊ መቅዘፊያ፣ የየብስ ኤሊ እግር እንዳላት፣ የየብሷ ውሃ ውስጥ እንደምትሰምጥ ቲቸር ዘሐራ አጽፋናለች፤ ደብተሬ ላይ ከሥሩ በቀይ አስምሬበታለሁ። ግን ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ፣ ነገ እንግዶቹ ፊት በርሜሉን ከፍቼ ቲቸሬን ላድናት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ፣ ያን ሁሉ ጨው አፍስሼ ተሳስተናል ማለት አቃተኝ።

«ውሃ ሲነካት ትዘረጋዋለች» አልኩ።

አንደኛ የሚወጣ ልጅ ያለውን ማን ይጠራጠራል? አስገባናት። እንዳታመልጥ ክዳኑን ገጥመን ድንጋይ ጫንበት።

ዓርብ ጠዋት እንግዶቹ ከኋላ ተቀምጠው ቲቸር ዘሐራ እንደዚያን ቀን አምሮባት አስተምራ አታውቅም፤ አንደኛው እንግዳ እንደውም ዛጎሉን ጆሮው ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። ያኔ ብተወው ይበቃ ነበር። እኔ ግን እጄን አወጣሁና የምናሳያችሁ ነገር አለ ብዬ ሁሉንም ወደ ጓሮ መራኋቸው። ድንጋዩን ከማል አወረደ፣ ክዳኑን እኔ ከፈትኩ። ኤሊዋ አንገቷ ወጥቶ፣ አራት እግሮቿ ተዘርግተው፣ የበርሜሉ ግርጌ ላይ ነበረች። ታፍኖ ያደረ ውሃ ሽታ ፊቴን መታኝ።

ዳይሬክተሩ ይሄ የማን ሥራ ነው ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ዘሐራ ወደ በርሜሉ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ አየች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

«የኔ ነው» አለች። «አልነገርኳቸውም ማለት ነው። ልዩነቱን አልነገርኳቸውም።»

ደብተሬ ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬም ጀርባዬ ላይ ነበር። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባል የለ፤ አፌን ያዝኩ።

ሰኞ ሌላ አስተማሪ መጣ። ስለ ባሕር አንድም ቀን ሳያነሳ ዓመቱ አለቀ። ቲቸር ዘሐራ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በዚያው ሰፈር ነበረች፤ በር ላይ ድንችና ሽንኩርት ስትቸረችር አያታለሁ። ሳያት በሌላኛው ቅያስ እዞራለሁ። አስጠናሻለሁ ብላ በእናቴ በኩል ልካብኝ ነበር፤ ራሴን አሞኛል አልኩ። የማስተማር ሥራ ለምን እንደማትፈልግ ሰው ሲጠይቃት፣ ልጅ የማስረዳት ስጦታ የለኝም ትል እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ፤ ለእረፍት ስመለስ፣ ስመረቅ፣ ሳገባ፣ ስወልድ እያልኩ በቀጠሮ አለፈ።

ካዛንቺስ እየፈረሰ ነው ሲባል ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። የቲቸር ዘሐራ ግቢ የነበረበት ላይ ቆሜ፣ የቆምኩት እዚያ መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ በየት በኩል ቅያሱ፣ በየት በኩል ትምህርት ቤቱ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ግድግዳ አልቀረም። በስልክ ያገኘሁት የድሮ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ይላል። አንዱ ላንቻ ተከራይታለች ይለኛል፤ ላንቻ ሱቅ ለሱቅ ጠይቄ አጣኋት። ሌላዋ ወሎ ዘመዶቿ ወስደዋታል ትላለች። ከማል ደግሞ አርፋለች መሰለኝ አለኝና፣ ማለቴ፣ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። አንድ ሰፈር ሲበተን ሰው የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አብሮ እንደሚጠፋ አላሰብኩም ነበር።

ይቅርታ ለማግኘት ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ እኖረው ነበር። ግን ያቺ ሴት ማስተማር አልቻልኩም ብላ እንዳመነች አርጅታለች፣ ወይም እንዳመነች ሞታለች። ነግራን ነበር። በደንብ ነግራን፣ ገብቶኝ፣ የኤሊዋን እግሮች አይቼ አውቄ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር ሊነግራት የሚችል ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ የት እንደማገኛት አላውቅም።