ዝቅ ያደረግኋት መኪና

መኪናዋን ዝቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሞላውን የቀየርኩት፣ ጎማዎቹን ወደ ውጭ ያወጣኋቸው፣ ብሎኑ እንዳጠረ እያየሁ መኪናዋን ከጋራዥ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም።

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ ካለ መንደር። የመኪናዋ ባለቤት ጓደኛዬ ነው፤ እሱ የመንዝ ሰው ነበር። የተዋወቅነው በልጅነታችን፣ እሱ ቅኔ ሊማር ወደ እኛ አገር በመጣ ጊዜ ነው። በአንድ ጎጆ አደርን፣ ለምነን ያመጣነውን ከአንድ አኩፋዳ በላን። ቅኔው ለሁለታችንም አልሆነልንም። እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እሱ ደግሞ የመምህራችንን አረማመድ እያስመሰለ ተማሪውን ሁሉ ስለሚያስቅ ከጉባኤው ይባረራል።

አንድ ዓመት ለፋሲካ እናቱ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ቤታቸው ሞላሌ ሳይደርስ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። የቆላ ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ ጥርሴን ያንገጫግጨው ነበር። እናቱ በሩ ላይ እንዳዩኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ከላያቸው የነበረውን ባና አውርደው ደረቡልኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ልብስ ነው፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን «የቆላው ልጄ» ይሉኝ ጀመር። እናቴን ገና ሳላውቃት ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ስም ለእኔ ምን ያህል እንደ ነበር ለማስረዳት ቃል የለኝም።

ከዚያ ሁለታችንም ትምህርቱን ተውነው። እሱ አዲስ አበባ ገብቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማረና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። እኔ ደብረ ብርሃን ቀረሁ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ያልተመለሰ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ነበረው፤ እሱ ዘንድ ሥራ ለመድኩ። ብረት መቅረጫውን ማሽን፣ ቶርኖውን፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ከእሱ እኩል ቻልኩት።

መኪናዋ የመጣችው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጓደኛዬ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ፈረንጅ ገዝቷት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥሩንባዋን እየነፋ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ቀይ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ታጥፎ ወደ ኋላ ይተኛል። ለሩጫ ውድድር የተሠራች እንደ ሆነች ሞተሯን ስሰማ ገባኝ። ከመኪናዋ ወርዶ እጁን በትከሻዬ ላይ ጣለና አንድ የእንጨት ሣጥን አሳየኝ።

«ይኸው፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣሁት» አለኝ። «ክፈተው።»

በሣጥኑ ውስጥ በቅባት ወረቀት የተጠቀለሉ አጫጭር ሞላዎች ነበሩ። ሞላ የምንለው ከጎማው በላይ ሆኖ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው፣ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘው ብረት ነው። እሱ ሲያጥር መኪናዋ ወደ መሬት ትጠጋለች።

«ለምን ፈለግኸው?» አልኩት። «የእኛን መንገድ ታውቀው የለም እንዴ? ድንጋዩ ሆዷን ይቀደዋል።»

«አስፋልት ላይ ነው የምነዳት። ፈረንጆቹ እንዲህ ያደርጓታል፤ በመጽሔት አይቻለሁ። ለመዝለል ያደባች ነብር ነው የምትመስለው!» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ነካ። «ይህንንም ወደ ውጭ አውጣልኝ። ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲታይ የታመመች ያስመስላታል።»

ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት፣ ጎማው ከሚታሰርበት ብረትና ጎማውን ከሚሸከመው የብረት ክብ፣ ከቸርኬው፣ መካከል አንድ ወፍራም ቀለበት ማስገባት ነው። አራት ቀለበት በቶርኖ ቀረጽኩ። ሥራው አምሮልኝ ነበር፤ መስተዋት እስኪመስል ወለወልኩት። ዛሬም ድረስ የምጠላው ነገር ቢኖር፣ ያንን ሳምንት በሥራዬ ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደ ነበር ማስታወሴ ነው።

ቀለበቶቹን አስገብቼ ጎማውን ሳስር ግን ጉድለቱን አየሁ። ጎማውን የሚያስሩት ብሎኖች የተለኩት ቀለበት እንደሌለ ሆኖ ነው። ቀለበቱ ርዝመታቸውን በላው። ብሎኑ ላይ እየዞረ ጎማውን የሚያጠብቀው ብረት፣ ዳዶው፣ ሰባት ስምንት ዙር መንከስ ሲገባው ሦስት ዙር ነክሶ ቆመ። ሽማግሌውን ጠራሁት። መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ብሎን አጭር» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ረጅም እስኪመጣ፣ ይህ መኪና ከዚህ አይወጣም። ገባህ?»

ገባኝ። ረጅም ብሎን አዲስ አበባ አዘዝን። ሽማግሌው በማግስቱ ለሕክምና ወደዚያው ሄደ። ብሎኑ ሳይመጣ ጓደኛዬ መጣ።

የገና ዋዜማ ነበር። መኪናዋን እንዳየ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ከሥሯ አየና ሳቀ። በልጅነታችን መምህራችንን ሲያስመስል የሚስቀው ሳቅ ነው።

«እሷን ይዤ እናቴ ዘንድ ልውጣ» አለኝ።

«አይሆንም። ብሎኑ አልመጣም፤ ዳዶው የያዘው ሦስት ዙር ብቻ ነው። ደግሞ አስፋልት ብቻ ብለህ አልነበረም?»

«በየገጠሩ ልንከራተት አልኩህ? እናቴ ዘንድ ነው። መኪና መግዛቴን በደብዳቤ ነግሬያታለሁ፤ ዛሬ ትጠብቀኛለች። ቀስ ብዬ ነው የምሄድ። ድንጋይ ሲመጣ ወርጄ አነሣለሁ።»

«በጭነት መኪና ሂድ።»

«እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ነው።» እጄን ያዘ። «አንተም ና፤ እናቴ እኮ ሁልጊዜ ስለ አንተ ነው የምትጠይቀኝ።»

ጋራዡን የምጠብቅ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ መሄድ አልቻልኩም። ግን ዳዶዎቹን እንደ ገና ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጠበቅኩ። «ቀስ በል፤ ጣርማ በር ስትደርስ ቁምና ዳዶዎቹን እያቸው» አልኩና መፍቻውን ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ከመሄዱ በፊት በከተማው አንድ ዙር አዞረኝ። ሰው ሁሉ እየቆመ ያየን ነበር። እሱ እየዘፈነ፣ እኔ ብርዱ ዓይኔን እያስነባኝ። ከጋራዡ በር አወረደኝና ሄደ።

በማግስቱ የገና ዕለት፣ የጭነት መኪና ነጂ መጥቶ ነገረኝ። ከዋናው መንገድ ወደ ሞላሌ በሚታጠፈው ጠጠር መንገድ ላይ፣ ከእናቱ ቤት በታች ባለው ቁልቁለት፣ መኪናዋ ገደል ገብታለች። እሱ እዚያው ሞቷል።

በዚያው ነጂ መኪና ሄድኩ። አስከሬኑን ሰዎች አውጥተው ወስደውት ነበር። መኪናዋ ተገልብጣለች፤ የፊት ግራ ጎማዋ የለም። ጎማውን ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የገብስ አገዳ ውስጥ አገኘሁት። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ያ የወለወልኩት ቀለበት ወድቋል። ማንም እያየኝ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና በጋቢዬ ውስጥ ሸሸግኩት። ሊመረምር የመጣው ፖሊስ ሁሉን አየና «ፍጥነት ነው፤ ወጣት ነበር አሉ» አለኝ። እኔም «አዎ፣ መፍጠን ይወድ ነበር» አልኩ። ጓደኛዬን ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልኩት።

ቀብሩ ላይ እናቱ ከሰው መካከል ለይተው አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። «የቆላው ልጄ፣ ወንድምህ ትቶህ ሄደ! ያለ አንተ ማን ቀረኝ?» አሉ። ቀለበቱ በጋቢዬ ሥር ጎኔን ይወጋኝ ነበር።

አንድ ዓመት ዝም አልኩ። ሽማግሌው ጣሊያን ከሕክምናው ሲመለስ ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፤ ወደ ቶርኖው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለምሳ አብሬው እንድቀመጥ ጠርቶኝ አያውቅም።

የጓደኛዬ ሙት ዓመት በተቃረበ ጊዜ ከሞላሌ ገበያ የመጣ ነጋዴ አንድ ጥቅልል አቀበለኝ። እናቱ የላኩት ነው። ስፈታው አዲስ ባና ነው። «ጠጉሩን ለልጄ ብዬ ፈትዬው ነበር፤ አንተ ልበሰው ብለውሃል» አለኝ ሰውየው። ባናውን መልበስ አልቻልኩም። ታቅፌው ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ሁሉን ነገርኳቸው። አባ አድምጠው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«እናቱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም፣ አባ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለእሳቸው ነው የምትናገር። ከዚያ ወደ እኔ ትመለሳለህ።»

ሄድኩ። ከቤታቸው በታች ካለው ወንዝ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግኩና አቀበቱን ወጣሁ። እናቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ድንጋይ ተሸክሜ ሲያዩኝ እንዝርቱን አስቀመጡ።

«ምነው ልጄ? ማንን በድለህ ነው?»

«እርስዎን፣ እማማ።»

«እኔን? እኔን ምን አደረግኸኝ?»

ድንጋዩን ሳላወርድ ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ስለ ሞላው፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ አጭሩ ብሎን። ምን እንደ ሆነ አልገባቸውምና በጣቶቼ አሳየኋቸው፤ አንዱን ጣቴን ብሎን፣ ሌላውን ዳዶ አድርጌ። ሳይንቀሳቀሱ አዩ።

«አድርግልኝ ያለህ እሱ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ግን እንደሚፈታ አውቅ ነበር።»

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ፣ እማማ።»

ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ እንዲህ አሉ፦ «እዚህ ቆሜ ነበር። ድምፅዋን ከሩቅ ሰማሁት። ጎረቤቶቼን 'ልጄ ነው፣ ልጄ መጣ' እያልኩ ጠራኋቸው። ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ። ከዚያ ጸጥ አለ። 'አቁሞ ነው፤ በእግሩ ሊወጣ ነው' አልኩ። በሶ በጥብጬ ቆየሁት።»

ያን ጊዜ ድንጋዩ ከማጅራቴ ወደቀ፤ እኔም በግንባሬ ተደፋሁ። እሳቸው ግን አላነሡኝም። ተነሥተው ወደ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። «እኔ ግን ዛሬ አልችልም።»

በየዓመቱ እሄድ ጀመር። እርሻ ሲደርስ፣ አጥር ሲፈርስ፣ እንጨት ሲያልቅ። ሁልጊዜ ያበሉኛል፤ እንግዳ እንደሚያበላ ሰው። «የቆላው ልጄ» ግን ቀረ። «አንተ» ብቻ ሆንኩ። ይቅርታውን ዳግም አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

በአምስተኛው ዓመት የቤታቸው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ነበርና፣ የመንዝ ሰው ጠብቆ የሚያኖረው የሣር ምድር፣ ጓሳ፣ ተከፍቶ ሣር በሚታጨድበት ወቅት ሄጄ አጭጄ በፈረስ አመጣሁ። ሦስት ቀን ከደንኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን እቅፍ ሣር ሳስር ከታች ጠሩኝ።

«ውረድና እህል ቅመስ።»

ወረድኩ። ገና እጄን ሳልታጠብ፣ ውሃውን እንደ ያዙ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዳቸው ያዙኝ።

«ከልቤ ነው። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተናግሬ መጣሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ያሉኝን ሁሉ፣ እማማ።»

«ከእንግዲህ አትምጣ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም። ዓይናቸውን እንባ ሞልቶት ነበር።

«በልጅነታችሁ አንድ ቀን እንኳ ብቻህን መጥተህ አታውቅም። ሁልጊዜ ሁለት ናችሁ። አሁንም ከታች ስትወጣ ባየሁህ ቁጥር ከኋላህ እሱን እፈልጋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እፈልጋለሁ። አልቻልኩም፣ ልጄ።»

በውሃው እጄን ታጠብኩ። የቀረበልኝን በላሁ፤ ጥዬው ብሄድ ያዝናሉ ብዬ እንደ ምንም ዋጥኩት። ለመንገድ የተቆላ ገብስ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ቆመው ያዩኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ መዞር አልቻልኩም።

ቃሌን ጠበቅኩ። አልፎ አልፎ ከገበያተኛ እጠይቅ ነበር፤ «ደኅና ናቸው፣ ትንሽ ደከም ብለዋል» ይሉኛል። አንድ ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ገበያተኛ ጠፋ። መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው የመጣው ሰው ሐምሌ ላይ እንደ ተቀበሩ ነገረኝ። ለቀብር አልደረስኩ፣ ለለቅሶ አልደረስኩ። የሚያውቀኝ ዘመድም ስለሌላቸው የማጽናናው ሰው አልነበረም። ጋራዡን ዘግቼ፣ ባናውን ለብሼ ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ማን ሞቶብህ ነው ብለው ሲጠይቁኝ «እናቴ» አልኳቸው።